ጤና ጣቢያው ተጠገነ፤ ነርሷ ግን አልተመለሰችም

ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ የጠፋውን ዕቃ መቁጠር ይቻላል። ስንት አልጋ፣ ስንት ማይክሮስኮፕ፣ ስንት የክትባት ማቀዝቀዣ እየተባለ ይመዘገባል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ ነበር። 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር። ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጉዳት ደርሶባቸዋል። እንደ ወትሮው ሲሠሩ የተገኙት 13 በመቶው ብቻ ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲሰፋ ደሴና ወልዲያን የመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም በተራቸው ባዶ ቀሩ።

ዕቃው ቀስ በቀስ ይተካል። ለጋሽ ይገኛል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ምርቃት ይደረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል። የሄደውን ባለሙያ ግን ማንም በዝርዝር አይመዘግበውም። ነርሷ የሄደችው ሻንጣዋን ይዛ፣ ማንንም ሳትሰናበት ነው። ወረዳው "ክፍት የሥራ መደብ" ብሎ ይጽፋል። ማስታወቂያ ይወጣል። አንዳንዴ አመልካች ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። ቢገኝም ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው። አሥር ዓመት የሠራችው አዋላጅ ታውቀው የነበረውን ነገር አያውቅም። የትኛው ቀበሌ ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗ እንደደረሰ፣ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚቆረጥ፣ ደም ሲያስፈልግ ማን ቤት እንደሚኬድ ገና መማር አለበት።

ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች የጤና ባለሙያን ስለማቆየት ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ "ማበረታቻ" ይሄዳል። ምን ጨምረን እንስጣቸው ይባላል። እኔ ግን ጥያቄው ከዚያ በፊት ይጀምራል ባይ ነኝ። አብዛኛው ባለሙያ የሚለቀው ተጨማሪ ስላላገኘ አይደለም። የሚገባው ስለቀረበት ነው። የሠራበት ደመወዝ፣ በሽተኛ በማከሙ አለመታሰር፣ "ሁለት ዓመት ሠርተህ ትዛወራለህ" የተባለው ቃል፤ እነዚህ ማበረታቻ አይደሉም። ዕዳ ናቸው። ያልተከፈለ ዕዳ ላይ የሚጨመር ጉርሻ ደግሞ ብዙም አያቆይም።

ወዴት ነው የሚሄዱት?

"ከኢትዮጵያ ይልቅ ቺካጎ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አለ" የሚል አባባል ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። ማን ቆጥሮት እንደሆነ እንጃ። አባባሉ የማይካድ ቁጭት አለበት፤ ብዙ ሐኪሞች በእርግጥ አሜሪካ ናቸው። ችግሩ ዓይናችንን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ብቻ እንድናደርግ ማድረጉ ነው። ከግጭት አካባቢ የሚወጣው ባለሙያ በአብዛኛው ፓስፖርት አያወጣም። ከቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ባሕር ዳር ወይ ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። ከመንግሥት ሆስፒታል ወጥቶ የግል ክሊኒክ ይገባል። ሀርጌሳ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም አሉ። ሶማሊላንድ ለአንድ ጠቅላላ ሐኪም ከመንግሥት ደመወዛችን የተሻለ ትከፍላለች፤ መንገዱም በመኪና የሚያልቅ ነው። ሙያውን ጥሎ ሱቅ የከፈተም ሞልቷል።

ብዙ የማይነገርለት ሌላ በር ደግሞ የዕርዳታ ድርጅት ነው። ጦርነት ባለበት ዕርዳታ ይመጣል፤ ዕርዳታው ሠራተኛ ይፈልጋል። በአካባቢው ቋንቋውን፣ መንገዱንና ሰውን የሚያውቅ፣ ሪፖርት መጻፍ የሚችል ማን አለ? የጤና ጣቢያው ነርስ ነው፤ ያለበለዚያ ጤና መኮንኑ። ስለዚህ ድርጅቱ የመንግሥት ደመወዙን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አድርጎ ይቀጥረዋል። ትናንት ምጥ የያዛትን ታዋልድ የነበረች ባለሙያ ዛሬ ስለ ምጥ ቅጽ ትሞላለች። እሷን መውቀስ አይቻልም፤ ልጆቿን ማብላት አለባት። ድርጅቱም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ የሚያሠራው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የፕሮጀክቱ ዘመን አልቆ ድርጅቱ ሲወጣ ግን ባለሙያዋ ወደ ጤና ጣቢያው አትመለስም። ሌላ ድርጅት ትፈልጋለች። ጤና ጣቢያውን ያዳከመው ጦርነቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የሰው መመናመኑ ውጤት ቶሎ አይታይም። አንድ ቀን ግን በወረርሽኝ መልክ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን ገልጾ ነበር። ለዓመታት ግጭት ውስጥ የቆየው ምዕራብ ኦሮሚያ በብርቱ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ለወባው መባባስ የአየር ጠባዩም፣ መድኃኒት የተላመደው ተውሳክም፣ አዲሱ የትንኝ ዝርያም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ወባ በጊዜ ከተደረሰበት በክኒን የሚድን በሽታ ነው። በጊዜ የሚደርሰው ደግሞ ቀበሌ ውስጥ ያለው ሰው ነው። መመርመሪያውን ጣት ላይ የሚያደርግ ሰው ከሌለ ሳጥን ሙሉ መድኃኒት ወረዳ መጋዘን መቀመጡ ምን ይረባል?

የዓይደር ትምህርት

ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጦር ከመቀሌ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ በጀት ቆመ። እዚያው መቀሌ ያለው የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ መሥራት ጀመሩ። አንድ ሁለት ወር አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ነው የቆየው። በዚያ ጊዜ ከሆስፒታሉ የወጡ ዘገባዎችን ያነበበ ሰው አይረሳቸውም። ጓንት ታጥቦ ዳግም ጥቅም ላይ ይውል ነበር። ቁስል በጨው ውኃ ይታጠባል። ፋሻ ሲያልቅ ንጹሕ አሮጌ ልብስ ይቀደዳል። ኢንሱሊን አለቀ፣ የኩላሊት እጥበት ቆመ። ራሳቸው ባለሙያዎቹ የሚበሉት አጥተው ዕርዳታ ይጠብቁ ነበር።

እና ሠሩ። ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ቆመን "ጀግኖች" እንላለን። ጀግንነታቸው አያጠያይቅም። ግን እውነቱ እንዲነገር ካስፈለገ መውጫም አልነበራቸውም፤ መንገዱ ዝግ ነበር። ስለዚህ የሚያስተምረን የተቆለፈበት ጊዜ ሳይሆን የተከፈተበት ጊዜ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። አውሮፕላን መብረር ጀመረ፣ ባንክ ተከፈተ። ብዙ ስፔሻሊስቶች ክልሉን የለቀቁት ከዚያ በኋላ ነው። ከበባውን ችለው ያለፉ ሰዎች ሰላም ሲመጣ ሄዱ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ድካም ነው። ያየኸውን አይተህ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ኮሪደር መቀጠል ይከብዳል። መድኃኒት ቢኖር የሚድን ሰው እጅህ ላይ ሲሞት ማየት ከደመወዝ ማጣት የማይተናነስ ጉዳት ነው። ሌላው ግን ሒሳቡ ነው። ከስምምነቱ በኋላ ወርሃዊ ደመወዝ ዳግም መከፈል ሲጀምር፣ ያለፉት ወራት ውዝፍ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ አልነበረም፤ መምህራኑም የ17 ወራት ደመወዛቸውን እየጠየቁ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ፌዴራሉ ይክፈል፣ ክልሉ ይክፈል የሚለው ክርክር ዓመታት ወሰደ።

የሰላም ስምምነት ማግስት ላይ ያለ አንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ምን ያስባል? "ያለ ደመወዝ ሠራሁ። ቤት ኪራይ ተበድሬ ከፈልኩ። አሁን ብድሩ አለ፣ ውዝፉ የለም። ነገ ሌላ ጦርነት ቢነሳ እንደገና እንዲሁ ነው።" ይህን ያሰበ ሰው የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ስልክ ሲደውልለት ምን እንደሚመልስ መገመት አያቅትም። ውዝፉን መክፈል ያለፈን መዝገብ መዝጋት ብቻ አይደለም። ባለሙያው ለወደፊቱ የሚያሰላው በዚያ ነው። ይህንን ደግሞ በትግራይ ያለው ባለሙያ ብቻ አይደለም የሚያየው። ጎጃም ያለውም፣ ወለጋ ያለውም ያያል።

የመን በዚህ ረገድ አንድ ነገር ታሳያለች። እ.አ.አ. በ2016 ማዕከላዊ ባንኩ ከሰንዓ ወደ ኤደን ሲዛወር በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በአብዛኛው ቆመ። የጤና ተቋማቱ ጨርሰው እንዳይዘጉ ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች በተገኘ ገንዘብ ለባለሙያዎች ድጎማ መክፈል ጀመሩ። ሙሉ ደመወዝ አልነበረም። ይቆራረጣል፣ ሁሉንም አያዳርስም፣ የለጋሽ ኪስ ሲሳሳ ይቆማል። ቢሆንም አንድ ነገር አሳይቷል። ተፋላሚዎች ባይስማሙም ገንዘብ በሦስተኛ ወገን በኩል ለአዋላጇ ሊደርስ ይችላል። ማን ከተማውን እንደያዘ መጠየቅ ሳያስፈልግ ማለት ነው። እኛም አስቀድመን ልናዘጋጀው የሚገባው ስምምነት ይህ ነው። ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም።

በማከምህም፣ ባለማከምህም

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለጤና ባለሙያው ሌላ ዓይነት ችግር መጣ። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.አ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ወታደሮች ቁስለኛ የፋኖ ታጣቂ አክማችኋል በሚል ባለሙያዎችን ማሰራቸውን፣ መደብደባቸውንና ማስፈራራታቸውን ዘርዝሯል። ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ወገል ጤና ከተማ አንድ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ቢያንስ አራት ሲቪሎች መሞታቸውንም ይኸው ሪፖርት ይገልጻል። በዚያ ላይ እገታው አለ። ሐኪም ገንዘብ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ መንገድ ላይ ተይዞ ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል። የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ብቻ በታጣቂ የሚጠረጠርም አለ።

ባለሙያው የተያዘበትን ማነቆ ልብ በሉ። የወንጀል ሕጋችን በአደጋ ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ያለን ሐኪም ይቀጣል። የሙያ ቃለ መሐላውም የመጣውን ሁሉ አክም ይላል። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ1994 የተቀበለችው የእርስ በርስ ጦርነትን የሚመለከተው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ግልጽ ነው። የሕክምና ሥነ ምግባርን ተከትሎ የሠራ ሰው፣ የታከመው ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ሥራው ሊቀጣ አይገባም። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ያማረ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ቆሞ "ማንን ነው ያከምከው?" ሲል ግን ፕሮቶኮሉን አውጥቶ የሚያነብለት የለም።

እዚህ ላይ ገንዘብ አይሠራም። ለአንድ ሐኪም ደመወዙን ሦስት እጥፍ አድርግለት፤ ቁስለኛ በሰፋ ቁጥር የሚታሰር ከሆነ ይሄዳል። መሄድም አለበት። የሚሠራው ነገር ትእዛዝ ነው። ከላይ የሚወርድ፣ የታች አዛዡ የሚያውቀው፣ ሲጣስ የሚያስጠይቅ ትእዛዝ። መሣሪያ ይዞ ወደ ሆስፒታል መግባት ክልክል ነው፤ አምቡላንስ አይወሰድም፤ የሕሙማን መዝገብ አይጠየቅም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.አ.አ. በ2016 ውሳኔ 2286ን ሲያጸድቅ ዓለም ሁሉ እንዲህ እንዲያደርግ ጠይቆ ነበር። በጣም ርካሹ የማቆያ ዘዴ ይህ ነው፤ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የታጠቀ አካል ራሱን እንዲገድብ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ከሁሉ የከበደው።

ዕጣ፣ መልቀቂያና የሞዛምቢክ ባለሙያዎች

በኢትዮጵያ ባለሙያን ለማቆየት የተሞከረው ዋናው መንገድ ለረጅም ጊዜ ግዴታ ነበር። የተመረቀ ሐኪም ዕጣ ያወጣ ነበር። የደረሰው ቦታ ሄዶ የተወሰነለትን ዓመት ያገለግል ነበር። መልቀቂያ እስኪያገኝ ማስረጃው ተይዞ ይቆይ ነበር። በሰላም ጊዜ ይህ አሠራር ብዙ ሩቅ ሆስፒታል ሐኪም እንዲያገኝ ረድቷል፤ መካድ አይገባም። በግጭት ጊዜ ግን ይሰበራል። ከሌላ ክልል በዕጣ የመጣ፣ ቋንቋውን ገና የሚለማመድ፣ ዘመድ የሌለው ወጣት የተኩስ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ግጭታችን ብሔር የሚለይበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ስለሆነ መውጣቱ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ብልህነትም ይሆናል። ማስረጃውን ብትይዝበት ያለ ማስረጃ ይሄዳል።

ታዲያ ማን ነው የሚቆየው? በዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ምሳሌ ከሞዛምቢክ ነው። ሀገሪቱ ከ1977 እስከ 1992 (እ.አ.አ.) በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሐኪም ጥቂት ነበር፤ ያለውም ከዋና ከተማው አይወጣም። በ1984፣ በጦርነቱ መሃል፣ ጤና ሚኒስቴሩ ሐኪም ያልሆኑ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችን መርጦ ቀዶ ሕክምና ማስተማር ጀመረ። ምጥ የጠናባትን እናት በኦፕሬሽን ያዋልዳሉ፤ የተመታን ሆድ ይከፍታሉ። እ.አ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከሰባት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ ሲከታተል፣ ከእነዚህ ባለሙያዎች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት አሁንም በገጠር ወረዳ ሆስፒታሎች ነበሩ። በዚያው የተመደቡት ሐኪሞች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሄደዋል።

እኛም ተመሳሳይ መንገድ ጀምረናል። ከ2001 እና 2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለ። ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ቢላዋ የሚይዘው እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ካልተናገርን ታሪኩ ይጎድላል። ከሚቆዩበት ምክንያት አንዱ ወረቀታቸው ሌላ ቦታ ብዙም ስለማይሠራ ነው። ለሐኪም የተከፈተው የስፔሻሊቲ በር ለእነሱ ጠባብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በር በመዝጋት ነው ያቆየናቸው። ይህ ለጊዜው ይሠራል። ሰውየው ዕድሜው ሲገፋ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ፣ እድገት እንደሌለው ሲያውቅ ግን ወይ ሙያ ይቀይራል ወይ ተማርሮ ይቀመጣል። ተማርሮ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አለ ተብሎ ቢቆጠርም አለ ማለት ይከብዳል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ሌላው ምሳሌ ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከቀበሌው የወጣች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ወጣት ሴት አንድ ዓመት ትሠለጥንና ወደ ራሷ ቀበሌ ትመለሳለች። በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ይመደባሉ። ግጭት ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ "ወደ ቤቴ ልሂድ" ይላል፤ እሷ ግን ቤቷ እዚያው ነው። ሰው ሲፈናቀል አብራ ትፈናቀላለች፣ መጠለያ ውስጥም ልጆቹን ታውቃቸዋለች። ይህ ጥንካሬ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የአካባቢው ልጅ በመሆኗ ወንድሟ ማን ጋ እንደዘመተ ሁሉም ያውቃል። ገለልተኛ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ለዚህም ነው ከላይ ያነሳሁት የከለላ ጉዳይ ከአካባቢ ልጅ መቅጠር ጋር አብሮ መሄድ ያለበት።

ጉሉ ውስጥ የቆየ ሆስፒታል

ሰሜን ዩጋንዳ ጉሉ አጠገብ ላኮር የሚባል የሚሲዮን ሆስፒታል አለ። የጌታ ተከላካይ ጦር (ኤል.አር.ኤ.) የሚባለው አማፂ ቡድን አካባቢውን ሃያ ዓመት ገደማ ሲያምስ ላኮር አልተዘጋም። ሌሊት ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትና ሴቶች ጠለፋን ሸሽተው ግቢው ውስጥ ያድሩ ነበር። የአካባቢው ተወላጅ የነበረው ዶክተር ማቲው ሉክዊያ አማፅያን መነኮሳትን ሊወስዱ ሲመጡ በእነሱ ፈንታ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው። እ.አ.አ. በ2000 ኢቦላ ሲገባ ወረርሽኙን መጀመሪያ ከለዩት መካከል ነበር። ነርሶች እየሞቱ ሲሄዱ ሠራተኛው ሥራ ሊያቆም ተሰበሰበ። ሰብስቦ አናገራቸው፤ ብዙዎቹ ቀሩ። እሱ ራሱ ታኅሣሥ 5 ቀን 2000 (እ.አ.አ.) በኢቦላ ሞተ።

የሉክዊያን ታሪክ የማነሳው ሁሉም ሰው እንደሱ ይሁን ለማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ሆስፒታሉ ሃያ ዓመት የቆየው በአንድ ሰው ጀግንነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ በሞተ ማግሥት ይዘጋ ነበር። አልተዘጋም። ላኮር የሠራተኛ መኖሪያ በግቢው ውስጥ ነበረው፤ ነርሷ ተረኛ ስትሆን ጨለማ መንገድ አትሄድም። የራሱ የነርሶች ትምህርት ቤት ስለነበረው የሄደውን የሚተካ የአካባቢ ልጅ ያፈራል። ኃላፊዎቹም ከሠራተኛው ጋር እዚያው ይኖሩ ነበር። በሰሜን ዩጋንዳ ያለፉበትን የተናገሩ የጤና ሠራተኞች ደጋግመው ያነሱት ይህንን ነው። አለቃችን አልሸሸም ነበር ወይ? የምናድርበት ቦታ ነበረን ወይ? ደመወዙ ትንሽም ቢሆን ይደርስ ነበር ወይ?

ይህን ወደ እኛ ስናመጣው ነገሩ ያን ያህል የተወሳሰበ አይሆንም። አንድ የገጠር ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት ክፍል የሠራተኛ ቤት መሥራት፣ ከተማ ላይ ሆኖ የቤት አበል ከመክፈል ይልቅ ብዙ ሰው ያቆያል። ምክንያቱም ግጭት ባለበት ችግሩ ኪራዩ አይደለም፤ ሌሊት ከቤት ሆስፒታል መሄዱ ነው። ዙር መዘርጋትም ይቻላል። አንድ ስፔሻሊስት ሦስት ወር ወልዲያ ወይም ነቀምት ሠርቶ ወደ ቤተሰቡ የሚመለስበት፣ ሌላው የሚተካበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰብህን ትተህ ተኩስ መሃል ኑር ሲባል የሚፈራ ሰው ሦስት ወር ሲባል እሺ ሊል ይችላል። በግጭት ቀጠና የተሠራ አንድ ዓመት ለስፔሻሊቲ ትምህርት መግቢያ እንደ ሁለት ዓመት ቢቆጠርስ? ወጣት ሐኪሞች ከገንዘብ ይልቅ ትምህርቱን ሲያሳድዱ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ገንዘቡም ግን ይቅር አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደመወዝ ግን እንደዚያ አልሮጠም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ለዚህ ነው። ከጥያቄዎቻቸው መካከል የደመወዝ፣ ዲዩቲ የሚባለው የትርፍ ሰዓትና የአደጋ ተጋላጭነት ክፍያ ይገኝበታል። ባለሙያው ራሱ ሲታመም በነፃ መታከምም አንዱ ጥያቄ ነበር። አስቡት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያክም ያደረ ሰው ራሱ ይታከም የነበረው ከፍሎ ነው። መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ ብሎ በደርዘን የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን አሰረ። የደመወዝ ማሻሻያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ ተደርጓል፤ ጥሩ ነው። ማሻሻያው ግን ለአዲስ አበባውም ለግጭት ቀጠናውም በአንድ ስኬል ነው። አንዱ ባለሙያ ከሥራ ወደ ቤቱ በታክሲ ይሄዳል፤ ሌላው በኬላ አልፎ። ይህን ልዩነት የሚያይ የደመወዝ ሠንጠረዥ ገና አላየንም።

የዲዩቲው ክፍያ ደግሞ በብዙ ወረዳዎች ለወራት ሲከማች ይኖራል። ጸጥታው ሲደፈርስ ወረዳው ግብር አይሰበስብም፤ ግብር ካልተሰበሰበ መጀመሪያ የሚዘለለው ዲዩቲ ነው። ስለዚህ በግጭት አካባቢ ያለው ባለሙያ ብዙ ሌሊት ይሠራል፣ ግን ከሌላው ያነሰ ይከፈለዋል። ይህ ክፍያ በወረዳ በጀት ላይ ተንጠልጥሎ እስከቀጠለ ድረስ ችግሩ አይፈታም። ጦርነት ባለበት ወረዳ የዲዩቲ ክፍያ በቀጥታ ከክልል ወይም ከፌዴራል ቢመጣ፣ ቢያንስ ወረዳው ራሱን እስኪችል፣ ብዙ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሳይጻፍ ይቀር ነበር። የሚከፈልበት መንገድም መታሰብ አለበት። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ደመወዙ ቢገባም ብሩን ለማውጣት ወደ ከተማ መሄድ ግድ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ እገታ አለ። ደመወዝ ለመቀበል ነፍስን ማስያዝ ማለት ነው።

ከየዓመቱ የጤና ሪፖርት ውስጥ አንድ ነገር ቢቀየር ብዬ እመኛለሁ። ሪፖርቱ ስንት ባለሙያ እንደተመረቀና ስንት እንደተመደበ ይነግረናል። ስንት ተመድቦ ከሁለት ዓመት በኋላ አሁንም እዚያው እንዳለ፣ ወረዳ በወረዳ አይነግረንም። ይህ ቁጥር ለመሰብሰብ የሚያስቸግር አይደለም፤ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። ቢወጣ ግን የሚያሳፍር ወረዳ፣ የሚያሳፍር ዞን ይኖራል። ከዚያም ምናልባት አንድ ኃላፊ ተነስቶ ለምን እንደሄዱ ራሳቸውን ይጠይቃቸዋል፤ ስልካቸው እንደሆነ አሁንም ይሠራል።